ፈላጊው ሌላ፣ አድራጊው ሌላ

«ወዮልኝ» የሚለው ቃል ከአፏ ስለማይጠፋ በስፌት ቤቱ ቅጽል ስሟ ሆኖ ቀረ። ክር ሲበጠስ ወዮልኝ፤ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ወዮልኝ፤ ደንበኛ ገና በሩን ሲገፋ «ወዮልኝ፣ ሊቆጣ ነው የመጣው»። ካውያ ላይ የምትሠራው ባልንጀራዋ «አንቺ እኮ ሠርግ ብትጠሪም አስከሬኑ ስንት ሰዓት ይወጣል ብለሽ ትጠይቂያለሽ» እያለች ቤቱን ታስቃለች። ወዮልኝ አትቀየምም። ክፉ ነገር አስቀድሞ ከታሰበ አፍሮ ይመለሳል የሚል የራሷ እምነት አላት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዋን ዘይት እየቀባች ክፉ ክፉውን በተራ ታስበዋለች፤ ያንን ስትጨርስ ሥራ ትጀምራለች።

ለአንድ ልጇ ያላሰበችለት ክፉ ነገር አልነበረም። ወደዚያ ሩቅ አገር ሲሄድ ባሕሩን አሰበች፤ ፖሊሱን አሰበች፤ ብርዱን፣ በሽታውን፣ የሰው ክፋትን ሁሉ አሰበች። እሱ ግን ባሕሩን በሰላም ተሻገረ፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ያዘ፤ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለደ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሁለት ሜትር ከማይበልጥ መሰላል ላይ ወድቆ ሞተ። መሰላል አላሰበችም ነበር። ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል።

የቀሩላት ምራቷና የልጅ ልጇ ናቸው። ሁለቱንም በአካል አይታቸው አታውቅም። የሚናገሩት እስፓኒሽ ነው። ልጇ በሕይወት ሳለ መሃል ቆሞ ይተረጉምላቸው ነበር፤ እናቱ ስትቆጣ ቀንሶ፣ ሚስቱ ስታመሰግን ጨምሮ። እሱ ከሞተ በኋላም ምራቷ እሑድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ በምስል መደወሏን አልተወችም። ማንም አላዘዛትም፤ ግዴታም የለባትም። ደውላ ልጅቷን ስልኩ ፊት ታስቀምጣታለች፤ ራሷ ደግሞ ከኋላ ቆማ ጸጉሯን ትሠራላታለች።

ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወዮልኝ ሚጣ ትላታለች። ሚጣ የሳለችውን ታሳያለች፤ አዲስ ጫማዋን ካሜራው ላይ ትለጥፈዋለች፤ የምትነቃነቅ ጥርሷን በምላሷ ትገፋለች። ወዮልኝም ከጋውኗ ኪስ የሸሚዝ ቁልፎች እያወጣች፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ዕንቁ የሚመስለውን፣ አንድ በአንድ ታሳያታለች። ሚጣ ከአባቷ የያዘቻቸው ሁለት ቃላት አሏት፤ «አያቴ» እና «ደህና»። ወዮልኝ ደግሞ አንድ፤ «ሲ»፣ አዎ ማለት ነው። በሦስት ቃላት ሃያ ደቂቃ ያወራሉ። ወዮልኝ ከዚያ በኋላ እስከ ረቡዕ ድረስ ሰው ትመስላለች።

አንድ እሑድ ግን ሚጣ ሥዕል አላሳየችም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ አንድ ረጅም ነገር ጠየቀች። መጠየቋ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ወዮልኝ ፈገግ ብላ «ሲ» አለች። ልጅቷ ደግማ ጠየቀች። «ሲ፣ ሲ፣ የኔ እናት» አለች ወዮልኝ፣ ደስ ያላት መስሏት። የልጅቷ ከንፈር ተንቀጠቀጠና ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ሮጠች። ምራቷ ስልኩን አንስታ፣ በደከመ ፊት አንድ ሁለት ቃል ተናግራ ዘጋች።

ምን ተጠይቃ ምን ብላ እንደመለሰች ወዮልኝ እስከ ዛሬ አታውቅም። ያን ሳምንት ሙሉ ቁልፍ ቤት እየሠራች «አትወጂኝም ወይ ብላኝ ይሆን? አባቴን ረስተሽዋል ወይ ብላኝ ይሆን?» እያለች ከረመች። የባልንጀራዋ ስልክ ላይ ያለውን የመተርጎሚያ መሣሪያ ሞክሪ ቢሏትም አልሰማችም፤ አንዴ ሞክራው «የኔ ልጅ፣ ፎቶ ላኪልኝ» ያለችው በዚያኛው ወገን ምን ሆኖ እንደወጣ እንጃ፣ ምራቷ ለሁለት ሳምንት ፊቷ ተኮሳትሮ ነበር። ከራሷ አፍ መውጣት አለበት ብላ ቆረጠች።

ከስፌት ቤቱ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ የጥርስ ሐኪም አለ። ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ ስድስት ዓመት በዚያ ቋንቋ ተምሯል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጥርስ አይነቅልም፤ አይቶ፣ ይኼ ጥርስሽ ታሟል ብሎ ወደ ሌላ ሐኪም ይልካል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ነው። ወዮልኝ ጋውኖቹን ትጠግንለታለች፤ አንድ ቀን እጅጌው የተዘመዘመ ጋውን ይዛ ወጣችና የመጣችበትን ነገረችው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ እንደማታስቸግረው፣ በአማርኛ ጽፋ እንዳመጣችው። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ይቅር እንድትዪኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እሑድ እሑድ እንድትደውይልኝ እፈልጋለሁ። ልጅቷ እንድትረሳኝ አልፈልግም።

«እህቴ» አለ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ «ሰው ቋንቋ ሲጀምር ‹ይኼ ወንበር ነው› ብሎ ነው የሚጀምረው። አንቺ ሦስቱንም ከጫፉ ነው ያመጣሽው።»

«ወዮልኝ። አይቻልም ማለት ነው?»

«ይቻላል። ተቀመጪ።»

ሌላው ወንበር እግሩ የተሰበረ ስለሆነ የበሽተኛው ወንበር ላይ ወጣች። ከላዩ የተንጠለጠለውን መብራት ሊያጠፋላት እጁን ቢዘረጋም ስለተንቀጠቀጠበት ተወው። እንዲያው መብራቱ ፊቷ ላይ እያበራ ተማረች።

«መናገር የሚለውን ያዢ፤ አብላር» አላት። «አሁን ‹እኔ እናገራለሁ› በይ፤ አብሎ። መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ኦ ተርትረሽ ጣያት። ምን ተረፈሽ?»

«አብል።»

«እሱ ላይ ኤ ስፊበት። አብሌ። እንድናገር፣ እንደማለት።»

ከዚያ ስድስቱን አወረደላት። አብሌ፣ አብሌስ፣ አብሌ፣ አብሌሞስ፣ አብሌይስ፣ አብሌን። እንድናገር፣ እንድትናገሪ፣ እንዲናገር፣ እንድንናገር፣ እንድትናገሩ፣ እንዲናገሩ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው አንድ መሆናቸውን ስታይ ተጠራጠረች፤ እሱ ግን አትፍሪ፣ ማን እንደሆነ ከወሬው ይታወቃል አላት። በአር የሚያልቁት ግሶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በኤር እና በኢር የሚያልቁት ግን ኤውን ትተው አ ነው የሚለብሱት። መብላት፣ ኮሜር፤ እበላለሁ፣ ኮሞ፤ እንድበላ፣ ኮማ። መኖር፣ ቢቢር፤ እኖራለሁ፣ ቢቦ፤ እንድኖር፣ ቢባ።

«በተራው አነጋገርኮ» አላት፣ «ያኛው ነው አ ያለው፣ ይኼኛው ነው ኤ። ይናገራል፣ አብላ። ይበላል፣ ኮሜ።»

ወዮልኝ ጥቂት አሰበችና ፊቷ ፈታ አለ። «እና እዚህ ሲደርሱ ኮሌታ ይለዋወጣሉ በሉኛ።»

ሐኪሙ ሳቀ። ስድስት ዓመት ሲማር እንዲህ ያለ ማብራሪያ የሰጠው አስተማሪ እንዳልነበረ ነገራት። ቀጥሎ መቼ እንደሚያገለግል አስረዳት። እርግጡን ነገር፣ ያየሽውን የሰማሽውን፣ በተራው ትናገሪዋለሽ። ስትፈልጊ፣ ስትመኚ፣ ስትለምኚ፣ ስትፈሪ፣ ስትጠራጠሪ ግን ይኼኛውን ነው። ኪዬሮ ኬ፣ እፈልጋለሁ፤ ኤስፔሮ ኬ፣ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቴሞ ኬ፣ እፈራለሁ፤ ዱዶ ኬ፣ እጠራጠራለሁ።

«እንግዲያ እኔ በተራው ምን ሥራ አለኝ?» አለች።

«አንድ ነገር ግን እወቂ። አንቺው ፈልገሽ አንቺው የምታደርጊውን ከሆነ ይኼ ሁሉ አያስፈልግሽም። መደወል እፈልጋለሁ፤ አለቀ። ፈላጊው ሌላ፣ አድራጊው ሌላ ሲሆን ነው ይኼ የሚመጣው።»

ከዚህ በኋላ በዚች ዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር ሁሉ አድራጊው ሌላ ሰው እንደሆነ፣ ያንንም የምታስብበት የራሷ ቃል እስከዚያች ቀን እንዳልነበራት፣ መብራቱ ፊቷ ላይ እያበራ ታወቃት።

በዚያው ሳምንት እሑድ እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። ወዮልኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችው። አላነሳችም።

ይህን ነገር ለማወቅ የስፌት ቤቱን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ያላለቀ ልብስ ለባለቤቱ አይታይም። ደንበኛ በሩን ሲገፋ፣ እጅጌ ያልገባለት ኮት፣ ቁልፍ ያልተተከለለት ሸሚዝ፣ ሁሉም ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። ሰው ልብሱን አንዴ ክሩ ተንጠልጥሎ ካየው፣ አልቆ ሲለብሰውም የሚታየው ያ ክር ነው ይባላል። ሕጉን ያወጣው የሞተው አለቃ ነበር፤ ወዮልኝ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልጣሰችውም። አንዴ ሙሽራ እግሯ ላይ ወድቃ ብታለቅስም ያላለቀ ቀሚሷን አላሳየቻትም። እና ያ «ሲ፣ ሲ» ያለችበት እሑድ ለሷ ክሩ ተንጠልጥሎ የታየ ልብስ ነበር። ከእንግዲህ ሳያልቅ አይታይም። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አጥርታ፣ ጠርዙን ከርክማ፣ ተኩሳ ነው የምታቀርበው። ያኔ ምራቷ ትገረማለች። ያኔ ሚጣ የጠየቀችውን ደግማ ትጠይቃለች።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ባወቅሽው አውሪ፣ ተሳስተሽ አውሪ፣ ሰው ከስሕተትሽ ጋር ነው የሚወድሽ አላት። እሷም አክብራ አዳመጠችና እሺ ዶክተር አለች። በሁለተኛው እሑድም ስልኩ ጮኸ፣ አላነሳችም። ሦስተኛው እሑድ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ቀጥሎ ያለው እሑድ አንድ ጊዜ።

በዚህ መሃል መልእክትም ይገባ ነበር። ሦስት መልእክት በዚያ ቋንቋ። ለሐኪሙ ማሳየት ስትችል አላሳየችም። ደብዳቤ የሚመጣው ለክፉ ነው ብላ ታምናለች፤ የልጇም ሞት የመጣው እንዲሁ በጽሑፍ ነበር። ክፉ ወሬ ደግሞ በሰው አፍ ከሚነገረኝ ቋንቋውን ተምሬ ራሴ ባነበው ይሻላል አለች። ባላየ እለፊው ያለችው እሷው ለራሷ ነው። ስለ መልእክቱ ብዙ ክፉ ክፉ አሰበች፤ ምራቴ ልታገባ ነው፤ ሚጣ ታማለች፤ ቤታቸው ተቃጥሏል። ማሰቡን እንደ መልስ ቆጠረችው።

ሥራዋ ላይ ግን እንዲህ ተግታ አታውቅም። የሸሚዝ ፊት ስድስት ቁልፍ ቤት አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ሰጠችው። ያሜ፣ ያሜስ፣ ያሜ፣ ያሜሞስ፣ ያሜይስ፣ ያሜን። ያማር ማለት መደወል ነው። በሚቀጥለው ሸሚዝ ኦልቢዳር፣ መርሳት። ከዚያ ፔርዶናር፣ ይቅር ማለት። ካውያ ላይ ያለችው ባልንጀራዋ «ሴትዮዋን ጥርስ ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቷታል፤ አፏ አልተመለሰም» ብላ አስወራች። ወዮልኝ ራሷ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

መጀመሪያ ካመጣቻቸው ሌላ አንድ አራተኛ ዓረፍተ ነገር ልትጨምር ፈልጋ ነበር፤ ማን እንደሆንኩ እንድታውቅ እፈልጋለሁ የሚል። ሐኪሙ ግን ማወቅ የሚለው ግስ ካፈነገጡት ወገን ነው፣ ሥርዓቱን አይከተልም፣ አሁን እሱን ብትጨምሪ ሌላውን ሁሉ ያደናግርሻል ብሎ ሰረዘው። ሥርዓት የያዙት ይበቁሻል አላት። እሷም ተስማማች። እንደ ልምምድም በየቀኑ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየሠራች ትመጣለች። ቴሞ ኬ ላ ኒኛ ኖ ኮማ፤ ልጅቷ አትበላ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ቴሞ ኬ ኖ ቢባን ቢዬን፤ ደህና አይኖሩ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ሐኪሙ ስሕተት ፈልጎ አጣ።

«ሁሉም ቴሞ ነው» አላት። «ኤስፔሮ ብሎ የሚጀምር፣ ከሦስቱ ሌላ፣ አንድ እንኳ የለሽም?»

ወዮልኝ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመች ጣሪያውን እያየች «ኤስፔሮ ኬ» አለች። እዚያ ላይ ንግግሯን አቆመች። የምሳ ሰዓት እስኪያልቅ ቢጠብቃትም የሚቀጥለው ቃል አልመጣላትም።

አምስተኛው እሑድ ስልኩ አልጮኸም። ወዮልኝ ደነገጠች፤ ግን ጥቂት ቀርቷት ስለነበር ልቧን አጠነከረች። ቀጥሎ ያለው እሑድም አልጮኸም። ከዚያ አርብ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድም ሳትደናቀፍ አምስት ጊዜ በተከታታይ አለቻቸው። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አልቋል» አላት። ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሰባት ሳምንት ጠብቃ ነበር።

እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ቢሆንም ሐኪሙ ለሷ ሲል ከፈተው። ጸጉሯን ታጥባ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ሐኪሙ ከመደወላቸው በፊት በመሃል የመጣ ነገር ካለ ልየው አለ። የት ታመልጣለች፤ ስልኩን ሰጠችው። ሦስቱን መልእክት አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ ነገራት። የመጀመሪያው፣ ታመሽ ነው ወይ፣ ሰው አጠገብሽ አለ ወይ ይላል። ሁለተኛው፣ ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገሪኝ ይላል። ሦስተኛው አጭር ነው፤ አንድ ቃል እንኳ ጻፊልኝ፣ ለልጅቷ ምን ልበላት ይላል። ሦስተኛው የተጻፈበት ቀን አራተኛው እሑድ ማታ ነበር።

ወዮልኝ ካሰበችው ክፉ ነገር ውስጥ አንዱም አልነበረም። ማንም አልታመመም፤ ምንም አልተቃጠለም። «ደውሉልኝ» አለች።

ብዙ ከጮኸ በኋላ ምራቷ አነሳች። የወዮልኝን ፊት ስታይ ሰው እንዳየች ሳይሆን ጥላ እንዳየች ደነገጠች። ከዚያ ስልኩን ይዛ ተነስታ ሄደች፤ ግድግዳ አለፈ፣ በር አለፈ፣ በሩ ተዘጋ። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያ መኪና ላይ ስልኩን አቆመችው። ወዮልኝ በዚህ መሃል ምንም ሳትጠብቅ ጀመረች። ኤስፔሮ ኬ ሜ ፔርዶኔስ። ኪዬሮ ኬ ሜ ያሜስ ሎስ ዶሚንጎስ። ኖ ኪዬሮ ኬ ላ ኒኛ ሜ ኦልቢዴ። አንድም ቃል አልጎደለም። አንድም ክር አልተንጠለጠለም።

ምራቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ተናገረች፤ በዝግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ወዮልኝ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ያዘች፤ ልጅቷ፣ አባቷ፣ እሑድ። ሌላውን ሐኪሙ እየተቀበለ ነገራት፤ መጀመሪያ ላይ እንደ አስተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እየቆየ ግን ዝቅ እያለ።

እያንዳንዱን እሑድ ልጅቷን አጥቤ፣ ጸጉሯን ሠርቼ እደውል ነበር ትላለች። ልጅሽ፣ ማለት ባሌ፣ የሞተው በኔ ምክንያት እንደሆነ አድርገሽ ቆጥረሽ ተቀየምሽኝ ብዬ አሰብኩ ትላለች። በኔ ብትቀየሚ አልፈርድብሽም፤ ከልጅቷ ጋር ግን ምን አለሽ ብዬ አለቀስኩ ትላለች። አራተኛው እሑድ ልጅቷ፣ አያቴ አባዬ ወዳለበት ሄደች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጸጉሯን መሥራቴን ቀጠልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። ደክሞኝ ነበር፤ አያትሽ አትፈልግሽም ከምላት አዎ ብላት ይሻላታል ብዬ፣ አዎ አልኳት። ማታ መልእክት ጻፍኩልሽ። መልስ አጣሁ።

ሐኪሙ እዚህ ላይ አቆመ። ወዮልኝ «ቀጥሉ» አለችው።

ልጅቷ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ሥዕል ሳለች፤ አባቷና አያቷ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አልጋዋ አጠገብ ለጥፋዋለች። ከዚያ ወዲህ ትተኛለች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ደህና አድርጋ የተኛችው አሁን ነው ትላለች፤ ልጅቷ «አባዬ ብቻውን አይደለም» እያለች።

«ንገሩልኝ» አለች ወዮልኝ። «አልሞትኩም በሏት። አሁን ትጥራትና ትየኝ። ስልክ ተበላሽቶባት ነው እንበላታለን። ልጅ አይደለች እንዴ፤ ትረሳዋለች።»

ሐኪሙ ነገረላት። ምራቷ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ወዮልኝ ቢያስቆጣት ይሻላት ነበር።

«ስሚኝ ትላለች» አለ ሐኪሙ። «ዛሬ አንቺ ከሞት ብትመለሺ፣ ልጅቷ ነገ አባቷን በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ምን ብዬ እመልሳታለሁ ትላለች።»

ክፉ ነገር በማሰብ ወዮልኝን የሚያህላት የለም፤ ግን ይህን ልጅ በር ላይ ቆማ፣ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ስትጠብቅ ካየቻት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻለችም። የሚነግሯትን ሁሉ አምና፣ መሽቶ ስትጠብቅ። ለሷ ለራሷ ስንት ጊዜ በሩ የተንኳኳ መስሏት ተነስታለች።

ምራቷ ቀጠለች። ፎቶ አልፎ አልፎ እልካለሁ አለች። ስታድግ፣ መሸከም ስትችል፣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ፤ ያን ጊዜ ካንቺ ጋር ትነጋገር ይሆናል አለች። ወዮልኝ አሰበችው። ሚጣ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ስድሳ አንድ። «አልፎ አልፎ» የሚባለው ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚሳሳ ታውቃለች፤ መጀመሪያ በወር፣ ከዚያ በልደት፣ ከዚያ ሰው ሲያስታውስ። እስከዚያ ግን እንዳትደውዪ እለምንሻለሁ አለች ምራቷ። ይህን ሐኪሙ ሳይተረጉምላት ነው የገባት። ሐኪሙም እንደገባት አውቆ አልተረጎመውም።

ከበሩ ወዲያ የልጅ ድምፅ ተሰማ። እናቷን እየተጣራች ነበር። ምራቷ ዞር ብላ መለሰችላትና በሩን በእግሯ ደግፋ ያዘችው። ወዮልኝ ያን ድምፅ ለመስማት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች፤ ጆሮዋን እንጂ ፊቷን አላስጠጋችም፤ ድንገት በሩ ቢከፈት እንዳትታይ ብላ። ድምፁ ራቀ።

«ምን ልበልልሽ?» አላት ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

ወዮልኝ የሸሚዟን ጫፍ አስተካከለች። ብዙ ነገር ማለት ፈልጋ ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትማር የከረመችው ለዚህች ሴት ብላ እንደሆነ፣ ስልኩ ሲጮኽ እያየች ስታለቅስ እንደነበር። ምን ይጠቅማታል ብላ ተወችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«በምን ሞተች ብለው እንደነገሯት ጠይቁልኝ።»

ሐኪሙ አመነታ። ከዚያ ጠየቀላት። ምራቷ ዓይኗን ጠርጋ፣ አፍራ፣ በጣም አጭር መልስ ሰጠች።

«በእንቅልፏ» አለ ሐኪሙ። «ምንም ሳያማት።»

ወዮልኝ ለራሷ በሕይወቷ ያሰበቻቸው ሞቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። እሳት፣ መኪና፣ ለረጅም ጊዜ የሚያሠቃይ በሽታ፣ ማንም ሳያውቅ ሦስት ቀን የሚቆይ ሬሳ። ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።

«ጥሩ ነው በሏት» አለች። «እንደዚያው ይሁን።»